የኖርዌይ ልምምድ

፩. ልምምድ

ሹራብ ለብሳለች።

በግንቦት።

ድሬዳዋ ላይ።

እናቷ ብርነሽ በረንዳው ጥላ ሥር ሆና አየቻትና ራሷን ነቀነቀች። «አቦ አንቺ ልጅ፣ አሞሻል እንዴ?»

«እየለመድኩ ነው።»

«ምኑን?»

«ብርዱን።»

ትርሲት ዘንድሮ አሥራ ሰባት ሊሞላት ነው። ልቧ ከሸፈተ ግን ቆይቷል። ስምንተኛ ክፍል ሳለች የምትሄደው ካናዳ ነበር፤ ዘጠነኛ ስትገባ አውስትራሊያ ሆነ። አሁን ኖርዌይ ነው። አገሩ ይቀያየራል እንጂ መሄዱ አይቀየርም።

፪. ስለ አጻጻፉ

ይህን ታሪክ ወጥ አድርጌ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ እምቢ አለኝ። ልጅቷ አንድ ቦታ አትቀመጥማ። ምሳ ጀምራ ትነሳለች፣ ደብተር ገልጣ መስኮት መስኮቱን ታያለች፣ ጓደኞቿን በወሬ መሀል ጥላቸው ትሄዳለች። እኔም እንደ እሷ ቆራርጬ አቀርብላችኋለሁ፤ ቅር አይበላችሁ።

፫. ልምምድ (የቀጠለ)

ጁስ ቤት ትገባለች። ጁስ አታዝም። የፍሪጁን በር ከፍታ ትቆማለች፣ ባለቤቱ እስኪያባርራት።

ፈጥና ትራመዳለች፤ እዚያ ሰው ሁሉ ይሮጣል ብለዋታል። እዚህ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ፈጥኖ የሚሄድ ሰው ካያችሁ ወይ ሌባ ነው ወይ ሚስቱን ምጥ የያዛት። ሰፈሩ ትርሲትን ከየትኛው እንደሚመድባት ግራ ገብቶታል።

የጎረቤት ድመት እግሯ ሥር ስትተሻሽ ደግሞ ጎንበስ ብላ፣ «እኔ ሂያጅ ነኝ፣ አትልመጂኝ» ትላታለች።

፬. አበጋዝ

የባጃጅ ሹፌር ነው። የብርነሽ ባል ነው። ትርሲት አባዬ ትለዋለች እንጂ የወለዳት እሱ አይደለም። ይህ ምስጢር አይደለም፤ እሷም ታውቃለች፣ ሰፈሩም ያውቃል። የወለዳት ደጀኔ ነው። እሱ ደግሞ ገና ዳዴ ስትል ውጭ ወጥቶ እዚያው ቀረ።

አንደኛ ክፍል ልትመዘገብ ስትል ይዟት የሄደው አበጋዝ ነበር። የአባት ስም ሲሉት የራሱን ሰጠ። ያሳደገ ሰው እኛ ዘንድ እንዲህ ያደርጋል፤ ልጅ በእኩዮቿ ፊት አንገቷን እንዳትደፋ ብሎ ነው። የልደት ወረቀቷም ያንኑ ተከትሎ ወጣ። ትርሲት አበጋዝ።

ሌላ ልጅ የለውም።

፭. ስልክ

ደጀኔ፦ ጉዳይሽን ጀምሬዋለሁ። እኔ ጋ ኖርዌይ ትመጫለሽ።

ትርሲት፦ እውነት?

ደጀኔ፦ እውነት። ግን ወረቀትሽ ላይ አባትሽ ሌላ ሰው ነው። የደም ምርመራም ይጠይቃሉ፤ መጀመሪያ ግን ወረቀቱ ይስተካከል። አሥራ ስምንት ከሞላሽ ደግሞ አለቀ፣ አይቀበሉንም።

ትርሲት፦ እንዴት ነው የሚስተካከለው?

ደጀኔ፦ ሰውየው ልደት የሚመዘገብበት ቢሮ ቀርቦ «አባቷ አይደለሁም» ይበል። ቀላል ነው።

ትርሲት፦

ደጀኔ፦ ሃሎ? ኔትወርኩ ነው?

ትርሲት፦ አይ። ይሰማኛል።

፮. ማን ይንገረው?

እናት ለልጅ ተወች። ልጅ ለእናት ተወች። በመጨረሻ ምሳ ላይ ብርነሽ አፍ አውጥታ ነገረችው።

አበጋዝ የጎረሰውን ዋጠና ሳቀ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ወረቀቱም ሞኙም አንድ ቤት ተገኘን።»

«ካልፈለግክ ይቅር፣ አባዬ» አለች ትርሲት።

«ይቅር እያልሽ ዓይንሽ በር በሩን ያያል። እሄዳለሁ። አንድ ቃል አይደለች?»

ምግቡን ሳይጨርስ እጁን ታጥቦ ወጣ። ትርሲት ደስ አላት። ደስ ስላላት ደግሞ ራሷን ጠላች፤ ቀኑን ሙሉ ከቤት በረንዳ፣ ከበረንዳ ቤት ስትል ዋለች።

፯. ልምምድ

ይሄኛው የእሷ አይደለም። የእሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ሲያደርሳት ባጃጁን እየነዳ ይለማመዳል።

አይደለሁም።

አይደለሁም።

አባቷ አይደለሁም።

«እንዴት ነው?» ይላታል በመስታወቱ እያያት።

«ፈጠንክ።»

እንደገና ይላል። አንድ ቀን አብራ የተሳፈረች ሴትዮ ይህን ሰምታ፣ «አንተ፣ ምን ብታደርግህ ነው ልጅህን የምትክዳት?» አለችው።

«ምንም አላደረገችኝም» አለ አበጋዝ። «ውጭ ልትሄድ ነው።»

 ትርሲት ግን ተው አላለችውም። ይህን የምነግራችሁ እንድትፈርዱባት አይደለም። በአሥራ ሰባት ዓመቷ በር ተከፍቶላት ተው የምትል ልጅ ካለች አሳዩኝ።

፰. ቢሮ

ብርነሽ የተኮሰችለትን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። የቢሮው ኃላፊ ከሌላ ክፍለ አገር የመጣች ናት፤ አንቱ ትላለች። የድሬ ሰው አንቱ ሲባል የተጠራው ሌላ ሰው ይመስለዋል። አበጋዝም ዞር ብሎ ወደ ኋላው አየ።

ኃላፊዋ፦ እርስዎን ነው። የልጅቷ አባት ነዎት?

አበጋዝ፦ አይደለሁም።

አልፈጠነም።  ጥሩ አድርጎ ነው ያለው። ካለው በኋላ ግን እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ አንዴ ኪሱ ከተተው፣ አንዴ አወጣው። ብርነሽ መሬት መሬቱን ታያለች።

ኃላፊዋ ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ ብዕሩን ሳታስቀምጥ ወደ ትርሲት ቀና አለች።

ኃላፊዋ፦ አንቺም በራስሽ አፍ መናገር አለብሽ። ነፍስ ያወቅሽ ልጅ ነሽ፣ ያላንቺ ቃል አይጸናም። እኚህ ሰው አባትሽ ናቸው ወይስ አይደሉም?

ይህን ማንም አላሰበበትም። ደጀኔ አልነገራትም። ሁሉም ሲጨነቅ የከረመው አበጋዝ ምን እንደሚል ነበር።

ትርሲት ወደ እሱ ዞረች። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ድምፅ ሳያወጣ፣ በከንፈሩ ብቻ፣ «አይደለም በይ» አላት።

ኃላፊዋ ትጠብቃለች።

፱.

ትርሲት፦