የመነኩሲቷ ተራ

የክሊኒኩ ሠራተኞች «መነኩሲት» ይሏታል፤ ሳትጸልይ ሥራ ስለማትጀምር። ልጅ አጥተው ለተንከራተቱ ባልና ሚስቶች በላብራቶሪ ፅንስ የምታዘጋጅ፣ እጇ የተባረከ ባለሙያ ናት። አንድ ነገር ግን አይሆንላትም። ወላጆች «በቃን» ያሉት፣ ቀዝቅዞ የተቀመጠ ፅንስ በሚወገድበት ቀን «ይሄንን እንኳ አታስነኩኝ» ብላ ውልቅ ትላለች። ሥራው «ዝምተኛው» በሚሉት ባልደረባዋ ላይ ይወድቃል።

አንድ ቀን ታናሽ እህቷ መጣች። ሁለቱንም ልጆቿን በዚሁ ክሊኒክ አግኝታ፣ ሁለተኛውን ስትወልድ ከሞት አፋፍ የተመለሰች ናት።

«እትዬ፣ የቀሩት ፅንሶቻችን ይወገዱ ብለን ከባሌ ጋር ተስማምተናል።»

«ለሌላ ቢሰጡስ?»

«ልጄ በመንገድ ሲያልፍ ሳላውቀው ልቅር? አልችልም። ደግሞ አንቺው ነሽ የምታደርጊልኝ።»

«ነፍስ አላቸው ብዬ የማምን ሰው ነኝ እኮ!»

«እሱን ስለማውቅ ነው የመጣሁት። እንደ ቆሻሻ የማያይልኝ ሰው ፈልጌ።»

ከዚያ በኋላ መነኩሲቷ ዕረፍት አጣች። ጸሎት ጀምራ ታቋርጣለች፤ ሻይ ጥዳ ትረሳዋለች። መላው ሲጠፋት ዝምተኛውን ኮሪደር ላይ ያዘችው።

«በናትህ፣ የእህቴን አንተ ሥራልኝ።»

ጓንቱን እያወለቀ አያት። «እኔስ ፈጣሪ የለኝም ያለሽ ማነው? በሠራሁት ቁጥር እህል አይወርድልኝም። አንቺ ንጹሕ እንድትሆኚ እኔ ልቆሽሽ? አንድ ቀን እንኳ እንዴት ዋልክ ብለሽኛል?»

እምነቷ አልተለወጠም፤ ፊቱን ግን መርሳት አቃታት።

ቀኑ ሲደርስ የማቀዝቀዣውን ጋን ራሷ ከፈተች። ነጭ ጉም ወጥቶ እጇን ሸፈነው። ፅንሶቹን የያዙትን ቀጫጭን ብልቃጦች አውጥታ፣ በረዷቸው ቀልጦ እንዲያበቃላቸው ጠረጴዛው ላይ ስታኖራቸው ጸሎቱ አፏ ውስጥ ተሰባበረ። ዝምተኛው ሳትጠራው መጥቶ እስኪያበቃ አጠገቧ ቆመ።

እህቷ ደጅ ትጠብቃት ነበር። «ተቀየምሽኝ እትዬ?»

«አላውቅም» አለች፤ እውነቷን ነው። ቢሆንም ክንዷን ደግፋ እስከ ታክሲው ሸኘቻት።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን ከዝምተኛው ጋር በየተራ ይሠሩታል። ልቧ ግን እስከ ዛሬ አልረጋም። የእህቷን ልጆች አቅፋ ስትስም፣ አንዳንዴ ሳታስበው አጥብቃ ትይዛቸውና «አሳመምሽን!» ብለው ይጮኹባታል።