አምስት ቀን የፈጀ ፓምፕ

የሞተው ፓምፑ ነበር። ሰኞ ዕለት ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ጥገና ሱቄ ገብቶ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ገና ሲያበራው ጆሮዬ ነገረኝ። ጤነኛ ፓምፕ ድምፁ አይሰማም፤ ይሄ ግን ጠጠር እንደሚያኝክ ሰው ይንኮሻኮሻል። አውጥቶ በሌላ መቀየር ነው፣ አለቀ። ታዲያ ምን አልኩት? "ሁሉም ዕቃ አንድ በአንድ መመርመር አለበት።" ዓይኔን በጨው ታጥቤ!

ምን ላድርግ፣ ሰውዬው ባሌ ነው። ማለቴ፣ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረን፣ ከሦስት ወር በፊት ሻንጣውን ይዞ ወደ ሌላ ሴት ሄደ። ሥራው የሕንፃ ንድፍ ነው። ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ስለሚግልበት ፓምፕ በሚያዞረው ውሃ የሚቀዘቅዘውን ዓይነት በእጄ የገጠምኩለት እኔ ነኝ። እና አሁን፣ ሌላ ጠጋኝ እንደጠፋ ሁሉ፣ ወደ እኔ አመጣው። እኔ ደግሞ "እግሩ ወደዚህ የመራው በከንቱ አይደለም" ብዬ አረፍኩት። ተስፋ ቂል ያደርጋል።

"መቼ ልምጣ?" አለኝ፣ እንደ ድሮው "ሆዴ" ሳይል ስሜን ጠርቶ።

"በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ብቅ በል። የደረስኩበትን እያየህ ትሄዳለህ።"

የትኛው ደንበኛ ነው በየቀኑ ብቅ የሚለው? እሱ ግን "እሺ" አለ።

የሱቄ የምርመራ ቅጽ አምስት መስመር አለው፤ ማራገቢያ፣ ራዲያተር፣ ቱቦ፣ መዳብ፣ ፓምፕ። በየመስመሩ "ደህና" ወይም "ይቀየር" ብዬ እጽፋለሁ። ሁልጊዜ የምጀምረው ከፓምፑ ነው፤ ያን ሳምንት ግን መጨረሻ ላይ አደረግኩት። ሰኞ እሱ ቆሞ እያየ ማራገቢያዎቹን ፈተሽኩና "ደህና" ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ ራዲያተሩ። ያው እንደ መኪናው ነው፤ ሙቁ ውሃ በውስጡ ሲያልፍ ይበርዳል። አቧራውን በብሩሽ ጠርጌ ሳሳየው፣ "ይሄ ሁሉ ከቤታችን ነው?" አለ።

ቤታችን አለኝ! "ከየት ይመጣል ታዲያ፤ መስኮቱን ዝጋ ስልህ ጆሮ ዳባ ልበስ ትል አልነበር?" አልኩት። ሳቀ። ሳቁ አልተለወጠም።

ረቡዕ ቱቦዎቹ። አንዲት ጠብታ ብታፈተልክ ከሥር ያለውን ሁሉ ታቃጥላለች፤ ስለዚህ መጋጠሚያዎቹን በሶፍት ጠቅልዬ አሳድሬ ነበር። ሶፍቱ ደረቅ ነው። "አላፈሰሰም" ስለው፣ "የገጠምሽው አንቺ ነሽ፣ እንዴት ያፈሳል" አለኝ። ያን ቀን ከንፈሬን ተቀብቼ ነበር። ልብ ይበል አይበል እንጃ።

ታላቅ እህቴ ይሄን ስትሰማ በስልክ ጮኸችብኝ። "አንቺ ልጅ፣ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው! ጠግነሽ ስጪውና ይሂድ።"

"ሥራዬን እየሠራሁ ነው፣ እትዬ።"

"ድንቄም ሥራ!" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ሐሙስ መዳቡ። የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ላይ ተለጥፎ ሙቀቱን ለውሃው የሚያቀብለው ሳህን ማለት ነው። ፈትቼ በማጉያ መነጽር ሳየው፣ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ትከሻችን ተነካካ። አልሸሸም። እኔም አንዳች እንከን የሌለበትን መዳብ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳገላብጥ ቆየሁ። ምላሴ ላይ የነበረው ቃል "ተመለስ" ነበር፤ የወጣው "ደህና ነው" ሆነ። ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ቤት ገባሁና፣ የእሱን ትራስ ከቁም ሳጥን አውጥቼ ንጹህ ልብስ አለበስኩት።

ዓርብ መጣ። ቅጹን አነሳና አራቱን "ደህና" አነበበ።

"የቀረው ፓምፑ ነው" አልኩት፤ "እሱ ደግሞ ተረጋግቶ ማየት ይፈልጋል። ምናልባት እስከሚቀጥለው ሳምንት..."

"ፓምፑ ነው የተበላሸው" አለ ቀስ ብሎ። "ሰኞ ከቤት ሳላወጣው ነው ያወቅኩት። ድምፁን ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ?"

ደስ አለኝ። አዎ፣ እኔ ሞኟ ደስ አለኝ! እያወቀ ነዋ ሲመላለስ የሰነበተው። "ታዲያ ለምን መጣህ?" አልኩት።

ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። "በወጉ ሳልሰናበትሽ ነው የወጣሁት። እሷ ናት፣ 'እንዲህ አይሆንም፣ ሂድና ጊዜ ስጣት፣ ይውጣላት' ያለችኝ።"

"እሷ?"

"እሷ። በየቀኑ ና ስትዪኝም ነገርኳት፤ 'ሂድላት' አለችኝ። ይቅር በይኝ።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሳቁም፣ ትከሻውም፣ "እንዴት ያፈሳል" ያለውም ለካ ከእሷ ተፈቅዶ የተላከልኝ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለቱ ቁጭ ብለው፣ መክረው፣ አዘኑልኝ!

ልጮህበት ፈልጌ ነበር። እንባዬ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ወረደ።

"ተቀመጥ" አልኩት።

መሳቢያዬን ከፍቼ አዲስ ፓምፕ አወጣሁ። እያለቀስኩ አሮጌውን ነቀልኩ፣ አዲሱን አሰርኩ፣ ውሃውን ሞላሁ፣ አየሩን አስወጣሁ። ምን ያህል አጭር ሥራ እንደነበር አየ፤ ማየቱንም አየሁት። ቅጹ ላይ በአምስተኛው መስመር "ተቀይሯል" ብዬ ጻፍኩ።

ቀረ ማብራት። አምላኬ ሆይ፣ አይነሳ አልኩ በሆዴ። ለአንድ ሳምንት። ሳምንት ከበዛ ለአንድ ቀን። ቁልፉን ተጫንኩት።

እጄን ይቁረጠውና፣ በመጀመሪያው ሠራ።