ፔጆዋን እንደ ፉርጎ

ዘሩ በወደብ ከተማው የባቡር ዎርክሾፕ ሠላሳ ዓመት ፉርጎ ሲያነሳና ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው ነው፤ ታዲያ አንዲት አሮጌ ፔጆ ከመሬት ለማንሳት ማንን ምክር ይጠይቃል? የባሕሩ ጨው ከበሮቿ ሥር ያለውን ብረት በልቶ በልቶ እንደ ብስኩት አድርጎታል። የካርቲየ ሁለት ሰፈሩ በያጅ ጅብሪል ዝገቱን ቆርጦ አዲስ ላሜራ የሚበይደው፣ አካሏ ተነስቶ ሳይጎብጥ ከቆመ ብቻ ነው። ከጎበጠች አለቀላት። ዘሩም ይህ ካልተሳካ ቅዳሜ ለቁራሌው ሊሰጣት፣ ደግሞም ላያኮርፍ፣ ለሚስቱ ለአሰገደች ቃል ገብቷል።

ጅብሪል እስኪመጣ መጠበቅ ነበረበት። አልጠበቀም። ፉርጎ የሚያዘው ከሁለት ጫፉ ነው ብሎ፣ ክሪኩን አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ እያስገባ፣ ጎማዎቿ እስኪንጠለጠሉ ድረስ የድሮ ሐዲድ እንጨት ደረደረላት። መሐሏን የያዘ ምንም ነገር የለም።

አሰገደች ደግሞ መኪናዋ ከቆመች ጀምሮ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ የኋላ ወንበሩን የሽንኩርት ጎተራ አድርጋዋለች። ለምሳ ሽንኩርት ፈለገች፤ በርጩማ ላይ ወጥታ ገባች፤ የሰፈሩ ፍየል እንዳይከተላት በሩን ጓ አድርጋ ዘጋችው። ያን ጊዜ ከሥሯ የሆነ ነገር ሲጥጥ አለ። የመኪናዋ መሐል ወደ ታች ሰመጠ፤ አራቱም በሮች ነክሰው አልከፈት አሉ። መስኮቱም ግማሽ ድረስ እንደተከፈተ ቀረ።

ጅብሪል ሲደርስ ዘሩ ከውጭ ይጎትታል፣ አሰገደች ከውስጥ ትገፋለች። በያጁ ጎንበስ ብሎ አየና፣ ፉርጎ ከሥሩ እንደ ድልድይ ያለ ወፍራም ብረት እንዳለው፣ የዚች ጀርባ ግን ራሱ ቆርቆሮው እንደሆነ፣ እሱም እንደተበላ በትሕትና አስረዳ። ሳይሳደብ መናገሩ ዘሩን ይበልጥ አሳፈረው።

«ጋሽ ዘሩ፣ በሩን በብረት ልፈልቅቀው እችላለሁ፤ እትዬ አሁኑኑ ይወጣሉ። መኪናዋ ግን እንደጎበጠች ትቀራለች። መሐሏን ቀስ ብለን ካነሳን ልትቃና ትችላለች፤ እሱ ግን ጊዜ ይፈጃል።»

ዘሩ ለመመለስ ትንሽ ዘገየ። ትንሽ ብቻ ነው፤ ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ይህቺን ትንሽ አታልፋትም።

«እያሰብክ ነው?» አለችው በመስኮቱ ክፍተት።

«ኧረ ፈልቅቀው፣ ጅብሪል» አለ ዘሩ። ድምፁ ግን የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር።

አሰገደች ፊቱን አየችው። «ተው፣ እንዳትነካው። መሐሉን አንሱት፤ እኔ ከዚህ ሆኜ በሩን አይላችኋለሁ።»

ቀዝቃዛ ውሃና ማራገቢያ በመስኮቱ ተቀበለች። ጅብሪል ዝገት ያልነካውን ወለል ፈልጎ ረጅም እንጨት ከሥሩ አጋደመ፤ በሁለት ክሪክ ቀስ፣ ቀስ እያለ ያነሳ ጀመር። አሰገደች የሽንኩርት ልጣጭ በበሩና በመቃኑ መሐል እየከተተች ክፍተቱን ትለካለች። አልገባም ትላለች፤ ይጨምራሉ። ገብቶ ተያዘ ትላለች፤ ይጨምራሉ። ጅብሪል እንዲህ ያለ መለኪያ በየትኛውም ጋራዥ አላየሁም ብሎ ማለ። በመጨረሻ ልጣጩ እንደ ልቡ ወጣ ገባ፤ በሩም በአንድ ጣት ግፊት ተከፈተ።

ዘሩ ሊያወርዳት እጁን ዘረጋ። አሰገደች እጁን አልፋ በሩን መልሳ ዘጋች፤ ከፈተች፤ ዘጋች። ከዚያ ወደ ወዲያኛው ጥግ ተንፏቀቀች።

«ይኼኛው ገና ነው። ክሪኩን ወደዚህ አምጣው።»

ዘሩ የሚስቱን ትእዛዝ እንዲህ በደስታ ተቀብሎ አያውቅም። አራተኛው በር ሲከፈት የምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። ጅብሪል ከሥር ሌላ እንጨት ጨምሮ አጠባበቀና፣ አሁን ብረቱን ሊቆርጥ ስለሆነ እትዬ ይውረዱልን ብሎ ለመነ።

አሰገደች ግን ማራገቢያዋን እያወዛወዘች ተደላደለች።

«ስትቆርጡስ ማን ሊያይላችሁ ነው?»