ከጭሱ በኋላ የመጣ ድምፅ

የኮሌጃችን የአትሌቲክስ ቡድን የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት የሚዘጋው በአንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ቀን ሯጩ ሁሉ በየርቀቱ ለመጨረሻ ጊዜ ይሮጣል። ሚኒማውን፣ ማለትም ለርቀቱ የተወሰነውን ሰዓት፣ ያሟላ በቡድኑ ይቆያል፤ አልጋውንም ምግቡንም ኮሌጁ ይችለዋል። ያላሟላ ቱታውን አጥቦ ያስረክብና ቅዳሜ ማደሪያው ሳይዘጋ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን የሚናገረው ሰዓት ነው፤ ሰዓቱን የምይዘው ደግሞ እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ይዣለሁ። ልጆቹ «ጋሼ ሰከንድ» ይሉኛል። ፊት ለፊቴ አይሉም፤ እኔም እንዳልሰማ ሆኜ አልፋለሁ።

ሰዓት መያዝ ቀላል የሚመስለው ይዞ ለማያውቅ ሰው ነው። አስነሺው ሽጉጡን ሲተኩስ ቀድሞ የሚታየው ጭሱ ነው፤ ድምፁ ከኋላ ይመጣል። የአራት መቶ ሜትር መነሻ እዚሁ አጠገባችን ስለሆነ ችግር የለውም። የሁለት መቶ መነሻ ግን ከሜዳው ማዶ፣ ከመቶ ሜትር በላይ ርቆ ነው፤ ድምፁ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ሦስት አስረኛ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ተኩሱን ሰምቶ ሰዓቱን የሚያስነሳ ሰው ያንን ጊዜ ለሯጩ በነጻ ሰጠው ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ ሰዓት ያዥ ሳሠለጥን የመጀመሪያው ትምህርቴ «ጆሮህን ቤትህ ትተህ ና፤ ጭሱን እይ» የሚል ነበር። አንዳንዱን በምክር፣ አንዳንዱን በቁጣ፣ ምክትል አሠልጣኛችንን ደግሞ ገና ተማሪ ሳለች ጆሮዋን ቆንጥጬ ነው ያስተማርኳት።

የዚያን ሐሙስ ብርድ ነበር። ከዛፎቹ የረገፈው ቅጠል መሙ ላይ እየተንከባለለ ጠዋት ሁለት ጊዜ አስጠርገነዋል። በአራት መቶ በኩል ረጅሟ የምንላት ልጅ ሮጠች። ሚኒማው ስልሳ ሰከንድ ልክ ነው፤ እሷ ስልሳ ነጥብ አንድ መጣች። በቡድናችን ደንብ ውጤት ከሩቅ አይጮህም፤ ሯጩ ራሱ እኔ ድረስ መጥቶ ይጠይቃል፣ እኔም ለእሱ ብቻ እነግረዋለሁ። መጥታ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «ነጥብ አንድ?» አለች። ነጥብ አንድ አልኳት። ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ የስፓይክ ጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች፤ አንደኛውን ፈትታ ሁለተኛውን ሳትነካው ብዙ ቆየች።

ከእሷ ቀጥሎ የሁለት መቶዋ ድምቢጥ ነበረች። ስሙን ያወጣችላት ረጅሟ ናት፤ የአንድ ክፍል ልጆች ናቸው፣ ጎን ለጎን ሲሄዱ መሰላልና ባልዲ ይመስላሉ። ሚኒማዋ ሃያ ስድስት ነጥብ ሁለት ነው። እኔና ምክትሏ በመጨረሻው መስመር ላይ ጎን ለጎን ቆመን አውራ ጣታችንን ቁልፉ ላይ አሳረፍን። በሁለት ሰዓት ነው የምንይዘው፤ ሁለቱ ከተለያዩ የሚጻፈው ረጅሙ ነው። እኔ ባለሁበት ግን ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም።

ማዶ ማዶ እያየሁ ጠበቅሁ። ከጎኔ የምክትሏ ሰዓት ቀጭ አለ። ከዚያ ተኩሱ ተሰማኝ፤ የእኔ ጣት የተጫነው ከተኩሱ ጋር ነው።

በመካከሉ ያለው ጊዜ ዓይን ከማርገብገብ አይበልጥም፤ ለእኔ ግን በዚያ ልክ ጊዜ መስፈር ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩበት ሥራ ነው። ልጅቷ መታጠፊያውን ጨርሳ ስትመጣ፣ ደረቷ መስመሩን ሲያልፍ፣ ጣቴ በልማድ ሥራውን ሠራ። ሰዓቱን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ አየሁት፤ ሃያ ስድስት ነጥብ አንድ ይላል።

ምክትሏ የራሷን አየችና ጨበጠችው። የእኔን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«የእኔም እንደዚያው ነው፣ ጋሼ» አለች፤ ወዲያው ሰዓቷን ወደ ዜሮ መለሰችው።

ዋሸች። ቀድማኝ አስነስታ፣ መጨረሻው ላይ እኩል አቁመን፣ እንደዚያው ሊሆን አይችልም። ድምቢጥ እያለከለከች መጣች፤ ስንት ሆነ አለች፤ ምላሴ ግን ያንኑ ቁጥር ነገራት። እንደ ሌሎቹ አልዘለለችም። አንድ አፍታ ዓይን ዓይኔን አየችና «ርግጠኛ ነዎት፣ ጋሼ?» አለችኝ። እኔ ሽማግሌው ተቆጣሁ። ሰዓት ከያዝኩ ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም አልኳት። ይቅርታ ጠይቃኝ ወደ አጥሩ ሄደችና ለእናቷ ደወለች። እናቷ በአንድ የልብስ ንጽሕና መስጫ ካውያ ላይ ቆማ የምትውል ሴት ናት። ከስልኩ የሚወጣውን የደስታ ጩኸት እኔ ከቆምኩበት ሰማሁት፤ ጆሮዬስ ደህና ነው።

የሆዴን በሆዴ ይዤ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር ዓይኔ ከተዳከመ ቆይቷል። የዓይን ሞራ ሳይሆን አይቀርም ብላ ባለቤቴ ሐኪም ዘንድ ካልወሰድኩህ ስትለኝ ዓመት አልፏታል። በበጋ አንድ ቀን ከበር ኋላ የተሰቀለውን ካፖርቴን ጤና ይስጥልኝ ብዬው፣ አልመልስ ሲለኝ ኩራተኛ ነው ብዬ አምቼዋለሁ። እሷ ሳቀች፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ በሳቅ አለፍነው። ማዶውን ሳይ የአስነሺው ጥላ እንደ እንፋሎት ሆኖ ይታየኝ ነበር። ጭሱን ካየሁት ስንት ወር እንደሆነኝ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ያልጠየቅሁት መልሱን ስለማውቀው ነው።

ምክትሏ መሰናክሎቹን ልትደረድር ከኋላዬ መጣች። ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ ጠየቅኋት። ካምና ጀምሮ አለችኝ። የዛሬው የእሷ ስንት እንደነበረ ጠየቅኋት፤ ሃያ ስድስት ነጥብ አራት። ደብተር አላት፤ የሁለት መቶውን ሁሉ እውነተኛ ሰዓት ለብቻው ጽፋ ይዛለች። ሌሎቹ ሚኒማውን በብዙ ስለሚያልፉት የእኔ ስጦታ ምንም አልለወጠላቸውም፤ የለወጠው ለድምቢጥ ብቻ ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«እንዴት ብዬ፣ ጋሼ? ጭሱን እዪ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ከጎኔ የቆመችው ካምና ጀምሮ የምታውቀውን ባለቤቱ እኔ አልሰማሁም ማለት ነው። ተቆጥቼ ልጮህባት ፈልጌ ነበር፤ ለመቆጣት ግን ቅን ሰው መሆን ያስፈልጋል። የእሷ ይሉኝታና የእኔ ኩራት ተጋግዘው ያቺን ልጅ ያልሮጠችውን ሩጫ አሸከሟት።

ዓርብ ጠዋት ዋናው አሠልጣኝ ዘንድ ሄድኩ። አብረን ያረጀን ሰዎች ነን፤ አንተ ትብስ አንተ ትብስ ተባብለን ነው የኖርነው። ዝርዝሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ቢሮ ይሄዳል። ሁሉንም ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እያሸ ሦስት አስረኛ ማንን ይጎዳል አለኝ። ማን ጠየቀህ፣ ማንስ አየህ አለኝ። ረጅሟን አነሳሁበት፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በእውነተኛ ልክ ተለክታ በአንድ አስረኛ ቱታዋን እያጠበች ነው አልኩት። እንግዲያው ለእሷም ቀንስላትና ሁለቱም ይቆዩ አለኝ። ቀልድ አልነበረም። ክፉኛ ፈተነኝ።

«እኔ ሰዓት ያዥ ነኝ» አልኩት፣ «ሚዛን ላይ ጣቱን የሚጭን ነጋዴ አይደለሁም። ደግሞ ወደፊት በውድድር የሚጠብቃቸው የኤሌክትሪክ ሰዓት ይሉኝታ የለውም።»

ዝርዝሩን ወደ ራሱ ሳበ። በመጨረሻ፣ ጥፋቱ የእኛ ስለሆነ ልጅቷ አራት ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ትሩጥ፣ ያ ይጻፋል አለ። ከዚያ በፊት የሚነግራት ግን አንተ ነህ አለኝ።

ሁለቱን ልጆች ከማደሪያው ጀርባ፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ አገኘኋቸው። የረጅሟን ቱታ አንዷ በዚህ አንዷ በዚያ ይዘው እየጨመቁት ነበር። እዚያው ቆሜ፣ ዓይኔን ሳልሸሽግ፣ የሆነውን ነገርኳቸው። ቱታው በመካከላቸው እንደተጠመዘዘ ቀረ።

ድምቢጥ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በቀለለኝ። «ለእናቴ ነግሬያታለሁ» አለች ብቻ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ቀና ብላ አየችኝ።

«ትናንት ርግጠኛ ነዎት ያልኩዎት ለዚህ ነበር። እግሬ አላመነም ነበር» አለች።

ረጅሟ የቱታውን ጫፍ ከእጇ ወሰደችላት። ሂጂና አሟሙቂ፣ ይሄን እኔ እጨርሰዋለሁ አለቻት።

አራት ሰዓት ላይ ሰዓት የያዙት ዋናው አሠልጣኝና ምክትሏ ናቸው። እኔ ሽጉጡን ተቀብዬ ወደ ማዶ ሄድኩ፤ ለመተኮስ ድምፅና ጣት ይበቃል። ልጅቷ መነሻው ላይ ተንበረከከች። ትንፋሿ በብርዱ ውስጥ ይታየኝ ነበር፤ ቅርብ ነዋ። በቦታሽ አልኩ። ዝግጁ አልኩ። ተኮስኩ። ጭሱ ፊቴ ላይ ወጣ፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ ወዲያው በነፋስ የሚበተን። ከናፈቀኝ ሰው ጋር የተገናኘሁ ያህል አየሁት። ቀና ስል ልጅቷ መታጠፊያው ላይ ብዥታ ሆናለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሩጫ አላየሁትም፤ የስፓይኳን ድምፅ ብቻ እስኪጠፋ ሰማሁት።

ሜዳውን አቋርጬ ስመለስ ማንም ውጤት አልጮኸም። ዋናው አሠልጣኝ መሬት መሬት ያያል። ምክትሏ መጥታ በጆሮዬ ነገረችኝ፤ ሁለቱ ሰዓቶች ተስማምተዋል። ድምቢጥ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቆማለች። ያልነገሯት፣ ደንቡ ነውና፣ እኔን እስክትጠይቅ ነው።

«ስንት ሆነ፣ ጋሼ?» አለች።

«ሃያ ስድስት ነጥብ ሦስት» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ መጣ፤ በክንዷ ጠረገችው። የትናንቱ እውነተኛው ስንት እንደነበረ ጠየቀች፤ ነጥብ አራት አልኳት። ከዚያ በፊትስ አለች። ምክትሏ ደብተሯን ገለጠች፤ ከነጥብ አራት ወርዳ አታውቅም።

«እንግዲያው እስከዛሬ ከሮጥኩት ሁሉ ይሄ ይበልጣል» አለች።

«ይበልጣል።»

«የራሴ ነው?»

«የራስሽ ነው» አልኳት።

ሚኒማው ያመለጣት በአንድ አስረኛ ነው፤ ልክ እንደ ረጅሟ። ዋናው አሠልጣኝ ስክሪብቶውን አውጥቶ ከዝርዝሩ አንድ መስመር ሰረዘ። እኔም ለሃያ ሁለት ዓመት ከአንገቴ ያልተለየውን ሰዓት ከነማንጠልጠያው አውልቄ ለምክትሏ ሰጠኋት። ሰኞ ዓይኔን ልመረመር እሄዳለሁ አልኳት። ጆሮዬን ልትቆነጥጠኝ ይገባ ነበር፤ እሷ ግን እጄን ይዛ ቆመች።

ድምቢጥ ከቱታዋ ኪስ ስልኳን አወጣች። ስጪኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ለእናትሽ እኔ ልንገራት አልኳት። እጄን ዘርግቼ ነበር። ስልኩን ወደ ደረቷ ሸሸት አደረገችው።

«የራስሽ ነው አላሉኝም እንዴ፣ ጋሼ?» አለችኝ።

ወደ አጥሩ ሄደች፤ ትናንት የቆመችበት ቦታ ላይ ቆመች። እናትየው ወዲያው አነሳች፤ የካውያው እንፋሎት ሲተነፍስ ከስልኩ ይሰማል።

«እማ» አለች ልጅቷ፣ «ነገ ቤት እመጣለሁ።»