የማይምለው ፍሪጅ ጠጋኝ

አሮጌ ፍሪጅ እያደሰ የሚሸጠው ጠጋኝ ፈጣሪ አለ ብሎ አያምንም፤ ስለዚህ አይምልም። ጎረቤቱ ባለሱቅ "በፈጣሪ ስም፣ ከአዲስ አይለይም!" እያለ ያገኘውን አሮጌ ፍሪጅ ሲቸበችብ፣ እሱ "ሞተሩ ተቀይሯል፣ በሩ ግን በደንብ አይገጥምም" ብሎ ገዢ ያባርራል። በገዛ እጅህ ገበያህን ዘጋህ ቢሉትም ፍንክች አይልም።

ጸሎት የማታስታጉለው ታላቅ እህቱ ትንገበገብበታለች።

"አንተ ከሀዲ! ፈጣሪን ካልፈራህ፣ ክፉ ከመሥራት ምን ይመልስሃል?"

"ፍሪጁን ገዝቶ ምግቡ የሚበላሽበት ሰው" አላት፣ ብሎን እያጠበቀ። "እሱን በዓይኔ አየዋለሁ።" ከዚያ እያፏጨ ሥራውን ቀጠለ።

ብዙም ሳይቆይ እህትየው ስኳር በሽታ ተገኘባትና፣ የመርፌ መድኃኒቷን የምታስቀምጥበት ፍሪጅ አስፈለጋት። የባለሱቁ መሐላ እስከ መንገድ ይሰማል። ደጁ ላይ ቆም አለችና፣ አልፋው ወንድሟ ዘንድ ገባች።

"ይሄኛው ይጮኻል" አላት፤ "ቅዝቃዜው ግን አያሳፍርሽም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

ሳቁ መጣ። "ልማልልሽ እንዴ፣ እትዬ?"

እህቱ ክው አለች።

"ተው! ከማልክማ ጥዬልህ ነው የምሄደው።"