አራት ጣት ሽንሽን

ከአንድ እስከ ዐሥራ ስድስት ካሉት ቁጥሮች እናትን ወደ ቤቷ የሚመልሳት የትኛው ነው? ልጅቷ የማጥራት ደረጃቸው በቁጥር የተጻፈባቸው የአየር ማጣሪያዎች መደርደሪያ ፊት ከቆመች ግማሽ ሰዓት አልፏታል፤ እስካሁን ጠብ ያለላት ነገር የለም።

እናትየው ከቤት ከወጣች ሦስት ሳምንቷ ነው። የተጣላችው ከሰው ጋር አይደለም፣ ከአየሩ ጋር ነው። የቤቱ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ በተነሣ ቁጥር አቧራ ይተፋል፤ እሷ ደግሞ ጋደም ስትል ሳሏ ይነሣባታል። አንድ ቀን ትራሷን ብብቷ ሥር ሸጉጣ መንገዱን ተሻግሮ ወዳለው እህቷ ቤት ሄደች። «ያ ቤት አየር ሲኖረው ጥሩኝ» አለች። ጡረታ የወጣ ልብስ ሰፊ የሆነው ባሏ ከዚያ ወዲህ ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው። «አልጋው ሰፋኝ» ይላል፤ «ልብስ ቢሆን አጠብበው ነበር።»

ልጅቷ ባሕር ማዶ ተምራ የተመለሰች ናት። የተነገራትን ሁሉ ስለምትጠራጠር አባቷ «ምሁሯ» ይላታል፤ ሙገሳ ይሁን ሽሙጥ፣ እሱንም ትጠራጠራለች።

«ስንት ቁጥር ልስጥሽ?» አለ ባለሱቁ።

«ትልቁን። ከሁሉ ደቃቁን አቧራ የሚይዘውን።»

«ማሽናችሁ ይችለዋል?»

«ምን ይሆናል?»

«የኔ እህት፣ አፍንጫሽን በፎጣ ሸፍነሽ ዳገት ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

የሚቀልድ መሰላት። ዐሥራ ስድስቱ ስላልነበረ ዐሥራ ሦስቱን ገዝታ ሄደች።

ማጣሪያውን ከትታ ስታስነሣው ማሽኑ መጀመሪያ አቃሰተ፣ ቀጥሎ አፏጨ። አየር ያጣው ማሽን ከየቦታው ሲስብ የመታጠቢያ ቤቱ በር ማንም ሳይነካው ድርግም አለ። አባትየው አንዲት ሶፍት የአየር መውጫው ፊት ያዘ፤ ሶፍቷ እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠለጠለች።

«ምሁሯ» አለ፣ «አፈንሽው።»

በማግስቱ አራት ቁጥርን አመጣች። ሶፍቷ በረረች፤ ግን ጠዋት ጠረጴዛው ላይ በጣቷ ስሟን መጻፍ ቻለች። ያም ማጣሪያ ሳይሆን መረብ ነው።

ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። «አንዱ ያፍናል፣ አንዱ ያሳልፋል። ምናልባት ትክክለኛው የሚባል ነገር የለም፣ አባባ።»

አባትየው አልሰማትም። በሆዱ ተኝቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ባትሪ እያበራ ማጣሪያው የሚገባበትን ቦታ ውስጥ ውስጡን ያያል።

«ነይ እስቲ። ይህን ልብስ የለካው ማን ነው?»

አየች። ቦታው አራት ጣት ይጠልቃል፤ የከተቱት ማጣሪያ ውፍረት አንድ ጣት። ወዲያ ወዲህ ይላል፣ በጎንና በጎኑ አቧራው የሄደበት መንገድ ግራጫ መስመር ሠርቷል።

«በሰፊው እጅጌ ብርድ እየገባ እኛ ስለ ጨርቁ ጥራት እንጨቃጨቃለን» አለ።

«እሺ፣ አራት ጣት ሙሉ ደቃቅ ማጣሪያ ብንከት ጭራሽ አይታፈንም?»

«ሽንሽን ቀሚስ ለብሰሽ ታውቂያለሽ?»

«አባባ፣ አሁን ስለ ቀሚስ ነው የምናወራው?»

ጋዜጣ አንሥቶ አጣጠፈላት። «ወገቡ ያው ወገብ ነው። ሽንሽኑ በጠለቀ ቁጥር ግን ስንት ሜትር ጨርቅ ይገባበታል? ማጣሪያውም ሽንሽን ነው፤ ጨርቁ ሲበዛ አየሩ ብዙ መተላለፊያ ያገኛል፤ ምን ያጋፋዋል?»

ልጅቷ ልትከራከር አፏን ከፈተች። ሳቅ ቀደማት።

ባለሱቁ ጽፋ ያመጣችውን ልክ አይቶ ከጓዳ አንድ ወፍራም ካርቶን ይዞላት መጣ። አራት ጣት፣ ቁጥሩ ዐሥራ አንድ። «ይህን ማን ነገረሽ?» አላት።

«ልብስ ሰፊ።»

«ልብስ ሰፊ» አለ ባለሱቁ፣ እንደ ተሰደበ ሰው።

ማጣሪያው ገብቶ ልክክ አለ። ማሽኑ ዝቅ ባለ ድምፅ ማጉረምረም ጀመረ። ሶፍቷ ከአባትየው እጅ አምልጣ መላጣው ላይ አረፈች። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ አባትየው ከድሮ ቁርጥራጮቹ ቀይ የኮት ገበር አውጥቶ በቀጫጭኑ እየቀደደ በየአየር መውጫው ላይ ያስር ጀመር። ቤቱ በሙሉ መወዛወዝ ያዘ። ልጅቷ ከክፍል ክፍል እየሮጠች «የመኝታ ቤቱ ይበልጣል» ትላለች፤ እሱ «የሳሎኑን ሳታዪ» ይላል።

ጠረጴዛው ለሁለት ቀን ንጹሕ ሆኖ ሲውል እናትየውን ጠሩ። አመሻሽ ላይ መጣች፤ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ይሄ ሁሉ ሪባን ምንድን ነው? ሠርግ አለባችሁ?»

«ምስክሮቼ ናቸው» አለ ባሏ።

«ምስክር አልፈልግም። አንድ ሰዓት እቀመጣለሁ፤ ካሳለኝ እሄዳለሁ።»

ባልየው የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከፊቷ ተቀመጠ። እናትየው ትንሽ ቆይታ ወደ ኋላ ደገፍ አለች። ደግሞ ቆይታ ጋደም አለች። ልጅቷ ሳሉን ጠበቀች፤ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። የመጣው ቀጭን ማንኮራፋት ነበር።

«ተኛች እንዴ?» አለ አባትየው በሹክሹክታ።

«ዝም በል፣ አባባ።»

ሳቃቸው አመለጠ። ልጅቷ ፊቷን በትራስ ሸፈነች፤ እሱ የሜትሩን ጫፍ ነከሰ።

በዚህ መሃል እናትየው ጭን ላይ፣ አፉን በከፈተው ቦርሳ ውስጥ፣ ስልኳ በራ። ከእህቷ ነው። «እራት ደርሷል። ትመጪያለሽ ወይስ ልብላው?» ይላል።

አባትየው እጁን ዘረጋ፤ እንዳትነቃበት ቦርሳው ጋ ሳይደርስ ሰበሰበው። ልጅቷም ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። የስልኩ መብራት ጠፋ፤ ለዚያ መልእክት መልስ የሰጠ ሰው የለም።