ዝንብ ያልነካው ወጥመድ

የተቆጣጣሪው ሥራ ሲያዩት ቀላል ነበር። ሙጫ የተቀባ ቢጫ ካርቶን በየግቢው የወይን ተክል ላይ ይሰቅላል፤ በየሁለት ሳምንቱ አውርዶ የተጣበቀውን ይመለከታል። መንግሥት የሚፈልጋት የምስር ክክ የምታክል አንዲት ተባይ ናት። ከታመመ ወይን መጥጣ ጤነኛው ላይ ስታርፍ በሽታውን ታጋባበታለች። የተያዘ ወይን ቅጠሉ ዳር ዳሩን እሳት የላሰው ይመስላል፤ መድኃኒት የለውም፤ ይነቀላል። ተባይዋ ቢጫ ስታይ አያስችላትም፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

በሰው ሁሉ ካርቶን ላይ ትንኝ፣ ዝንብ፣ ላባ፣ አንዳንዴም የባለቤቱ ጢም ተጣብቆ ይገኛል። በአማቱ ግቢ የሚሰቀለው ግን ሲወርድም አዲስ ነው። ዝንብ እንኳ አልነካውም።

አማቱ ዕድሜ ልካቸውን ራዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ሱቁን ሲዘጉ ለራሳቸው ያስቀሩት አንድ ወረንጦ ነበር፤ እሱም ከኮት ኪሳቸው አይለይም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ደግሞ ከሰው ይልቅ ከወይኑ ጋር መዋል አበዙ። ሁለቱ አብረው የተከሉት ነው።

ተቆጣጣሪው ነገሩ የገባው ገና በመጀመሪያው ዙር ነው። ነገር ግን ከሚስቱ ጋር የሚኖረው እዚያው ግቢ፣ አማቱ በሰጡት ሁለት ክፍል ውስጥ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ ካርቶኑን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ዜሮ» ብሎ ጻፈ። ዝም አይነቅዝም ብሎ ራሱን አጽናና።

ከአጥሩ ወዲያ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ልብስ ሰፊ አለች። አንድ ቀን ጠራችውና «ምነው ወይኔ ዳር ዳሩ ደረቀብኝ?» አለችው።

«ሙቀት ይሆናል» አላት።

በሚቀጥለው ዙር ተባይዋ በእሷ ካርቶን ላይ ተገኘች። ቅጠሉም ለምርመራ ተላከ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ተቆጣጣሪው ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ምሳውን ግን በላ።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በበኩላቸው የአማቱን ዜሮዎች አይተው እጅግ ደስ አላቸው። ግቢው «ሞዴል» ተባለ፤ ጉብኝት ተዘጋጀ፤ ኃላፊው ለጉብኝቱ የሚለብሱት አዲስ ሰደርያም ተሰፋ። ሰደርያው ቢጫ ነበር። ቀለሙን የመረጠው ኮሚቴ ነው።

«አባባ፣ ነገ ኃላፊው ሊመጡ ነው» አላቸው ተቆጣጣሪው።

«ምን ሊያደርጉ?»

«ሊያመሰግኑዎት።»

አማቱ ካርቶኑን ቀና ብለው አዩት። «ሌላ የሚመሰገን ሰው አጥተው ነው?» አሉ።

በማግስቱ ኃላፊው ከወይኑ ሥር ቆመው ስለ ግንዛቤ ንግግር ጀመሩ። ንግግሩ ሳይጋመስ አንዲት ተባይ ከቅጠሉ ላይ ዘላ ደረታቸው ላይ አረፈች። ያን ጊዜ በየቀኑ ካርቶኑን ሲለቅም የከረመው የአማቱ እጅ ባለቤቱን ሳያማክር ኪስ ገባ። ጎንበስ አሉና ተባይዋን በወረንጦ ለቀም አድርገው በመሐረባቸው ቋጠሯት። ምን እንዳደረጉ የገባቸው ከዚያ በኋላ ነው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ንቃት ማለት ይሄ ነው!» አሉ ኃላፊው።

ፎቶ አንሺው አላነሳውም ነበር። «አባት፣ እባክዎ አንዴ ይድገሙልን» አላቸው። ሌላ ተባይ አርፋ ስለነበር ለመድገም አላስቸገረም።

«ለመሆኑ ምንድን ናት?» ብለው ኃላፊው ወደ ተቆጣጣሪው ዞሩ።

አማቱም አዩት። እንደዚያ ሲለማመጡ አይቷቸው አያውቅም፤ አንጀቱን በሉት።

«እሷ ናት» አለ።

ኃላፊው ሰደርያቸውን አወለቁ።

የሁለቱም ግቢ ወይን መታመሙ ተረጋገጠ። ሪፖርቱ በሽታው ከልብስ ሰፊዋ ግቢ ወደ ሞዴሉ ግቢ ተሻገረ አለ፤ የእሷ ካርቶን ተባይ ይዟል፣ የአማቱ ግን ዜሮ ነው።

የነቀላው ዕለት አማቱ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። ሠራተኞቹ ግንዱን ቆርጠው ሥሩን በዶማ ሲፈነቅሉ ልብስ ሰፊዋ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጣች። የእሷን ጠዋት ነቅለውት ነበር።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከእኔ ግቢ ነው የመጣብዎት አሉኝ።»

አማቱ መጀመሪያ የልጃቸውን ባል፣ ቀጥለው መሬቱን አዩ።

«ይሁን ልጄ» አሉ። «ይቅር ብዬሻለሁ።»

ተቆጣጣሪው የሚገባበት ጠፋው። ሚስቱ በር ላይ ቆማለች። አሁን ዝም ካለ ዕድሜ ልኩን ዝም እንደሚል ታወቀው።

«ከአንቺ አይደለም» አለ። «ከእኛ ነው የተጋባብሽ። ከመጀመሪያው አውቅ ነበር።»

አማቱ ከወንበራቸው ተነሥተው ማንንም ሳያዩ ቤት ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ልብስ ሰፊዋ አልጮኸችም፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

«ሙቀት ነው አላልከኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

«እኔ እኮ አምኜህ» አለች፣ «የልጆቼን መታጠቢያ ውሃ ሳይቀር አጠጣሁት።»